ጌሾው አልወጣለትም

«ጌሾው አልወጣለትም።»

እቴቴ ይህን ያለችው እኔ የጠመቅኩትን ቢራ አንድ ጊዜ ተጎንጭታ ነው። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። አሸተተችው። «ሽታውስ ደስ ይላል» አለች። «አፍ ላይ ግን ይጣፍጣል። ጌሾ የነካው አይመስልም።»

እኔ ጌሾውን ያስገባሁት በግራም መዝኜ ነው። ያፈላሁት ሰዓት ይዤ ነው። ሁሉም ደብተሬ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ነገሩ ለጊዜው አልተዋጠልኝም። እሷ ከሄደች በኋላ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ቀመስኩት። ልክ ነበረች። መዓዛው አለ፣ ብቅሉ አለ፣ ከዋጡት በኋላ ጉሮሮ ላይ መቅረት ያለበት ምሬት ግን የለም።

እቴቴ የአባቴ እህት ናት። መንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ ነው የተወለደችው። ደብረ ብርሃን ከገባች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ልጆቿን ያሳደገችው ጠላ ሸጣ ነው። ልጅ ሆኜ ቤቷን የማውቀው በር ላይ እንጨት ጫፍ ላይ በተደፋችው ጣሳ ነበር። አሁን ለሽያጭ አትጠምቅም። ለሚካኤል ማኅበርና ለዓመት በዓል ሲሆን ግን ጋኑን የሚነካ ሌላ ሰው የለም።

እኔ የጠመቅኩት ፔል ኤል የሚባለውን ቢራ ነው። ከገብስ ብቅል ይሠራል፣ መልኩ ወርቅማ ነው፣ ጌሾው ጎላ ይላል። ጌሾ ስል የእኛን ማለቴ አይደለም። የፈረንጁን፣ ሆፕ የሚሉትን ነው። እኛ አገር ስለ ቢራ ሲወራ ሆፕም ጌሾ ነው የሚባለው። ሁለቱ ግን የቅርብ ዝምድና የላቸውም። የእኛ ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉንና እንጨቱን እንጠቀማለን። ሆፕ ሐረግ ነው፤ የሚፈለገው አበባው ነው፣ ያውም የሴቴው ተክል አበባ።

ነገሩ የጀመረው ወንድሜ ከአሜሪካ፣ ከኦሪገን በመጣ ጊዜ ነው። ሻንጣው ውስጥ ሁለት ጣሳ ቢራ ነበር። አንዱን ከፈትን። መጀመሪያ የመጣው የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ነው። ቀጥሎ ጽድ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጡ፣ ከዝናብ በኋላ፣ ከወፍ ዋሻ ደን በኩል የሚመጣው ዓይነት ሽታ። እዚያው በተቀመጥኩበት ገብስ ትዝ አለኝ። ከከተማው ወጣ ስትሉ ማሳው ሁሉ ገብስ ነው። ገብስ የእህል ንጉሥ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የዚህ ቢራ ትልቁ ነገር እጃችን ላይ አለ ማለት ነው። የጎደለው ሆፑ ብቻ ነው።

ወንድሜ ከሄደ በኋላ በሰው ላከልኝ። ካስኬድ የተባለ ሆፕ፣ ደረቅ እርሾ፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ የፈሳሹን ክብደት ከውሃ ጋር እያነጻጸረ የሚለካ ሃይድሮሜትር። ካስኬድ እዚያው ኦሪገን ውስጥ በምርምር የወጣ ዝርያ ነው። ለገበሬ የተለቀቀው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካኖቹን ፔል ኤል የብርቱካን ሽታ ያለበሰው እሱ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ቺኮ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ሥራ የጀመረው ሲየራ ኔቫዳ የተባለ ጠማቂ በካስኬድ የሠራው ፔል ኤል ነው የቢራውን ስም አገር ለአገር ያዳረሰው።

ስሙ ራሱ የመጣው ከብቅሉ ነው። ድሮ እንግሊዝ አገር ብቅል የሚደርቀው በእንጨት እሳት ነበር። ይጠቁራል፣ ጭስ ይጠጣል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ፣ ጭስ የሌለው ኮክ የተባለ ማገዶ መጣ። በእሱ የደረቀው ብቅል መልኩ ፈካ አለ። ፔል ማለት ያ ፈካ ያለው መልክ ነው። ይህን ሳነብ የእቴቴ ደረቆት ትዝ አለኝ። እሷ ምጣድ ላይ ቆማ ሆን ብላ ታጠቁረዋለች። እነሱ ደግሞ እንዳይጠቁር ስንት ደክመዋል።

የመጀመሪያውን ጠመቃ በአጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ወዳጄ ሁለት ኪሎ ተኩል የፋብሪካ ብቅል አገኘልኝ። ልኩ ለ10 ሊትር ነው። ወፍጮ ቤት ወስጄ አሸረከትኩት። ዱቄት ከሆነ ውሃ አያሳልፍምና መሸርከት ብቻ ነው ያለበት። በ66 ዲግሪ ውሃ ለአንድ ሰዓት ዘፈዘፍኩት፣ በሻሽ አጠለልኩት፣ ጭማቂውን ለአንድ ሰዓት አፈላሁት። ሲፈላ 15 ግራም ሆፕ፣ ሊወርድ ሲል ሌላ 10 ግራም፣ ከወረደ በኋላ 25 ግራም። አቀዘቀዝኩ፣ እርሾ ጨመርኩ፣ በጀሪካን ከደንኩት። ሲረጋ እንደገና 25 ግራም ደረቅ ሆፕ ለመዓዛ ገባበት። ሃይድሮሜትሩ ከእርሾ በፊት 1.050፣ በኋላ 1.011 አለኝ። አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ ነው። የቢራ አሠራር መመሪያው የሚለውን አንድም አላጎደልኩም።

አንድ ነገር ግን አይቼ አልፌ ነበር። ጭማቂው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 91 ላይ ቆመ። አልነቃነቅ አለ። ተበላሽቷል ብዬ አወጣሁትና አስቀመጥኩት።

አልተበላሸም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው። ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እዚህ ከ90 እስከ 91 ባለው ይፈላል። ከዚያ በኋላ እሳቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታበዙ እንፋሎት ነው እንጂ ሙቀት አይጨምርም። ይህን እኮ የደብረ ብርሃን ሴት ሁሉ በሌላ መንገድ ታውቀዋለች። ሽምብራ እዚህ ከሸዋ ሮቢት ይልቅ ረጅም ሰዓት ነው የሚፈጀው። ንፍሮ ለማብሰል ከጠዋት ነው የሚጣደው።

ታዲያ ይህ ከሆፕ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ። የሆፕ ምሬት አበባው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም። አበባው ውስጥ ያለው አልፋ አሲድ የሚባል ነገር ነው። እንዲሁ ብታስገቡት ጭማቂው ውስጥ በቅጡ አይሟሟም። ሲፈላ ግን ቅርጹ ይለወጣል። ያኔ ይሟሟል፣ ያኔ ይመራል። ይህ ለውጥ ደግሞ ሙቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከ100 ወደ 90 ዲግሪ ሲወርድ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ይሆናል። መዓዛው ሌላ ነገር ነው። እሱ ያለው አበባው ዘይት ውስጥ ነው፤ ብዙ ከፈላ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ለዚህ ነው ለምሬት የሚሆነው ሆፕ መጀመሪያ፣ ለሽታ የሚሆነው መጨረሻ የሚገባው።

እንግዲህ የእቴቴን ቃል መልሳችሁ አንብቡት። ሽታው ደስ ይላል፣ ጌሾው አልወጣለትም። ሽታው ያለ ሙቀት የሚመጣ ነውና መጥቷል። ምሬቱ ሙቀት ይፈልግ ነበርና ቀርቷል። እኔ በወረቀትና በመለኪያ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝን እሷ በአንድ ጉንጭ ነገረችኝ።

ሄጄ ነገርኳት። ውሃው እዚህ ቀድሞ እንደሚፈላ፣ አሠራሩ ለባሕር ጠረፍ ሰው የተጻፈ እንደሆነ። ምንም አልገረማትም። «እኔ እኮ ጥንስሱን እዚህ አንድ ቀን እጨምርለታለሁ» አለች። «ብርድ ነዋ። ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ እንደኔ ብትጠብቅ ይኮመጥጥባታል። እሷም የኔን አትሠራም፣ እኔም የሷን አልሠራም።»

ይህን ስትል ሰፌድ ይዛ እህል እየለቀመች ነበር። እኔ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ጥያቄ አልለቅቅ አለኝ። የፋብሪካውን ብቅል ትቼ ብቅሉን ራሴ ከገብስ ባወጣውስ? እንዲህ ካልሆነ ቢራው ከእህል ተነሣ ለማለት አፌ አልሞላ አለኝ። ብቅል ስታበቅል የማያት እሷን ብቻ ነው። በእኔ ዕድሜ ካሉ ዘመዶቼ አንድም ሰው ገብስ ነክሮ ሲያበቅል አላየሁም። ይህ ያሳስበኛል። ጠላ እንወዳለን፣ ጠላ ላይ እንጫወታለን፣ ዕውቀቱ ግን ያለው በጣት በሚቆጠሩ እናቶች እጅ ነው።

ጊዜው ህዳር ነበር። አዲስ ገብስ እየታጨደ ነው። ከመንዝ ዘመዶቻችን ነጭ ገብስ እንዲልኩልን ልደውል ስል እቴቴ ከለከለችኝ። «አዲስ ገብስ ለብቅል አይሆንም። ገና አልረጋም። ከፊሉ ይበቅላል፣ ከፊሉ ዝም ይላል።» የአምናውን ከጎታ አወጣች። በኋላ አነበብኩት፤ አዲስ የታጨደ ገብስ ለተወሰነ ጊዜ ቢነከርም አይበቅልም። ማሳ ላይ ዝናብ ባገኘው ቁጥር እንዳይበቅል ተፈጥሮ የሰጠችው መከላከያ ነው። የብቅል ፋብሪካዎችም እህሉን አስቀምጠው ነው የሚጠብቁት።

ገብሱን ለቀምን፣ አጠብን፣ ነከርን። እኔ በየ8 ሰዓቱ ውሃው ይፍሰስና ገብሱ አየር ያግኝ አልኩ። እሷ በዚህ አልተከራከረችም፤ ውሃ ውስጥ ብዙ የቆየ እህል እንደሚገማ ታውቃለች። በሁለተኛው ቀን የገብሱ ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ። ከዚያ በቅጠል ጠቅልላ፣ ጆንያ አልብሳ፣ ከላይ ድንጋይ ጫነችበት። እንዳይታፈን በየጊዜው እየከፈትን አገላበጥነው። እጄን ስሰድድ መሃሉ ሞቅ ይላል። እህሉ ሲበቅል ራሱ ሙቀት ያወጣል። የክፍሉ ብርድ ደግሞ ከልክ በላይ እንዳይሞቅ ያዘው። ለብቅል ተስማሚው ሙቀት 15 ዲግሪ አካባቢ ነው ይላሉ፤ የህዳር ደብረ ብርሃን ራሷ የብቅል ቤት ናት።

ያልተስማማንበት ነገር መቼ ይብቃው የሚለው ነው። እሷ ሥሩ እርስ በርሱ እስኪቆላለፍና ቡቃያው ብቅ እስኪል ትጠብቃለች። ለፔል ኤል ግን ያ ይበዛል። ገብሱን በጥፍር ከፍላችሁ ስታዩት ከቅርፊቱ ሥር ቡቃያው ወደ ላይ ሲሄድ ይታያል። የፍሬውን ርዝመት ሦስት አራተኛ ሲደርስ ማቆም ነው፤ ከዚያ ካለፈ ለቢራው የሚሆነውን ስታርች ቡቃያው ራሱ ይበላዋል። «ይሄ እኮ ገና ነው» አለች። እኔ ይብቃ አልኩ። ለሁለት ከፈልነው። ግማሹ በአምስተኛው ቀን ወጣ፣ ግማሹን እሷ በፈቀደችው ቀን አወጣች።

ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ማታ ውርጭ እንዳያገኘው ይገባል። ከዚያ በምድጃ በ80 ዲግሪ ለሦስት ሰዓት አደረቅነው። ሥሩን በእጅ አሽተን አራገፍን፣ በሰፌድ አበጠርነው። ጥርስ ላይ ሲሰበር ቀጭ ይላል፣ ውስጡ ዱቄት ነው፣ ጣፋጭ ነው። የገብስ ቆሎ ጠረን አለው። ከፋብሪካው ብቅል በልጦብኛል። ይህን የምለው የራሳችን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ያ የቆሎ ጠረን ፋብሪካው ብቅል ውስጥ አልነበረም።

የጠመቅን ዕለት እቴቴ ከጠዋት ጀምራ አጠገቤ ነበረች። 66 ዲግሪ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀችኝ። ብቅሉ ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም አለ አልኳት። ስታርቹ ግን ጥሬ ከሆነ አይሸነፍለትም፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው የሚለሰልሰው። ኢንዛይሙ ደግሞ ከ70 ካለፈ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ በሁለቱ መሃል መያዝ ነው። ትንሽ አሰበችና «እኔ እኮ ቂጣውን ጋግሬ ነው የማስገባው» አለች። እኔ ይህን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ጠላ ላይ ስታርቹ ምጣድ ላይ በስሏል። ቂጣውም እንኩሮውም ያ ነው። ብቅሉ ጋን ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ቢገባም የበሰለውን ስታርች ቀን በቀን ይፈታዋል። እነሱ በአንድ ሰዓት በሙቀት የሚሠሩትን እሷ በሳምንት በብርድ ትሠራዋለች። ሁለቱም መንገድ ይደርሳል።

ድስቱን በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቀለልነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሁለት ዲግሪ በላይ አልወረደም። ከፋርማሲ የገዛሁትን አዮዲን ነጭ ሰሃን ላይ ጠብ አድርጌ ከጭማቂው ጨመርኩበት። ስታርች ካለ ይጠቁራል። አልጠቆረም። እቴቴ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና «ማር ሆኗል» አለች። አዮዲኑም እሷም አንድ ነገር ነው የተናገሩት።

ቀጥሎ ጌሾው። ካስኬዱን ከ15 ወደ 25 ግራም አሳደግሁት። አንድ ሰዓት የነበረውን ማፍላት 90 ደቂቃ አደረግሁት። ቴርሞሜትሩ 91 ላይ ቆመ፤ አሁን አመንኩት።

ጀሪካኑን ሳጥብ በወይራ ልጠነው አለችኝ። ይህ እሺ የማልለው ነገር ነበር። ግራዋና የወይራ ጭስ ጋኑን ያጸዳሉ፣ ለጠላው የሚወደድ ጣዕም ይሰጡታል። ፔል ኤል ግን ከጭስ የሸሸ ቢራ ነው። የኮኩን ታሪክ ነገርኳት። አልተስማማችም፣ ግን ተወችልኝ። በግራዋ ያጠበችው ጋን ጎን የእኔ ጀሪካን ተቀመጠ። እርሾው በሁለተኛው ቀን ያዘ። ማታ ብርዱ ስለሚጠና ያው ብርድ ልብስ ተደረበለት። ቱቦው ውሃ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ከጓዳ ትሰማዋለች። «እየተነፈሰ ነው» ትለኛለች።

በ12ኛው ቀን ለለስላሳ መጠጥ በነበሩ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ቀዳነው። ለ10 ሊትር 60 ግራም ስኳር ጨመርኩ፤ ጋዙን የሚሠራው እሱ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥሩነቱ በእጅ ጨብጣችሁ ጋዙ መሙላቱን ማወቃችሁ ነው። አተላውን የጎረቤት ላም በላችው። ሃይድሮሜትሩ በዚህኛው 1.042 ጀምሮ 1.010 ላይ ቆመ፤ አልኮሉ ወደ 4 በመቶ ወርዷል። የመንዝ ገብስ ለቢራ ተብሎ የተመረጠ ዝርያ አይደለምና የሚሰጠው ስኳር ያንሳል፣ መልኩም ትንሽ ይደፈርሳል። እኔ ቅር አላለኝም።

መሃል ላይ ሆፑን ራሱን ልትከል ብዬም አስቤ ነበር። ብርዱ ይስማማዋል። ግን ሆፕ በደንብ የሚያብበው በበጋ ቀኑ ረጅም በሆነበት አገር ነው። የዓለም የሆፕ እርሻ አብዛኛው ከምድር ወገብ ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ርቆ ነው ያለው። የእኛ ቀን ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ሐረጉ ቢበቅል እንኳ አበባው አያጠግብም። ሐሳቡን ተውኩት። የእቴቴ ጓሮ ያለው ጌሾ ግን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። እሱን በዚህ ቢራ ላይ አንድ ቀን እሞክረዋለሁ። ምሬቱ ማፍላት አይፈልግም፤ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጊዜ ነው የሚወጣው።

ጥር 12 የሚካኤል ማኅበር የእሷ ተራ ነበር። ጠላው ወጣ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ሰው ሲሳሳ ከእኔ አንድ ጠርሙስ ከፍቼ በብርጭቆ ሰጠኋት። እንደ በፊቱ ወደ ብርሃን አነሳችው። አሸተተች። ተጎነጨች። ዝም አለች፣ ደግማ ተጎነጨች።

«አሁን ወጣለት» አለች።

ከዚያ ብርጭቆውን ሳታስቀምጥ ቀጠለች። «የመጨረሻው ጌሾ ግን በዝቷል። ገብሱን ሸፈነው። ይህን ያህል ለፍተንበት ገብሱ ካልተሰማ ምን ያደርጋል?»

ለመዓዛ ያስገባሁት 25 ግራም ወደ 15 ይውረድ ተባባልን። ቅዳሜ ጠዋት ከጎታው አራት ኪሎ ወጣ። ለቀምነው፣ አጠብነው፣ ነከርነው።